እኅቴን ከአስታማሚዎቿ ማስጣል፤ ከጎንደር እስከ መተማ

ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ወታደር፣ ወይ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ። እኔ ከሦስቱም አልነበርኩም። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ጎርፍ አይቻለሁ፣ ጦርነት አይቻለሁ፣ የተቆጣ ባለሥልጣንም አይቻለሁ፤ በአንዱም ፊት ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። በዚህ ጉዞ ግን አንድ አዛውንት በክንዴ ገፍቻለሁ፤ ከአንዲት ደግ ሴት እጅም ትራስ ነጥቄያለሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ለወዳጆቼ ሳወራ ማንም አላመነኝም። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ ላስኪዳችሁ።

ጥሩወርቅ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ "እታለም" ነው የምላት። መተማ ዮሐንስ ከወረደች ብዙ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐጂ እድሪስ በሚባሉ ነጋዴ ግቢ ሰሊጥ በወንፊት የሚነፉ ሴቶች አለቃ ናት። በክረምቱ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ጎንደር ላይ አንድ ጡቷን አወጡላት። በሽታው ዳግም እንዳይነሣ ብለውም የወር አበባን የሚያመጡትን ዕጢዎች ጨምረው አወጡ። ይህ ሁለተኛው ሕይወቷን ለማትረፍ የተደረገ ነው፤ ግን ያለ ዕድሜዋ አጥንቷን አሳሳው። ይህንን ያወቅነው አንዲት ዘመዳችን ልትጠይቃት መጥታ ደስ ብሏት ጥብቅ አድርጋ ስታቅፋት ነው። ጎኗ ቀጭ አለ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አሳየን። ካንሰሩ ወደ አጥንቷ አልሄደም፤ አጥንቱ ነው የተሰነጠቀው። የጎን አጥንት በራሱ ይድናል አለ፤ ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበር ግን መነሣቷን እንጃ። ምን እናድርግ አልኩት። ጡንቻዋን አበርቱ አለኝ። እግሩ የላላ ሰው ይወድቃል፤ አጥንቱ የሳሳ ሰው ከወደቀ ይሰበራል። ስለዚህ እጇን ሳትደግፍ ከወንበር ትነሣ፣ ትቀመጥ፣ እስኪደክማት ትደጋግም። ትራመድ። በሁለት እጇ ትንሽ ክብደት ታንሳ፣ ሲለመዳት ትጨምር። ከባድ ነገር ጎንበስ ብላ አታንሳ፣ ማንም አይጨምቃት። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በሁለተኛው ላይ፣ "ዋና ጠላቷ አልጋ ነው" የሚል ጨመረበት።

ከበር ስንወጣ እኅቴ ቆመች። "ሰማህ አይደል? አልጋ ነው ጠላቴ። መተማ ስገባ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉኝ አውቃለሁ።"

"ምን ያደርጉሻል?"

"ያስተኙኛላ።"

የሰሊጡ መኪኖች ሊገቡ የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ነበር። በእግሯ ሄዳ ወንፊቷ ፊት ካልቆመች አለቅነቱን ለሌላ ይሰጡባታል፤ በጥላቻ ሳይሆን በአዘኔታ። ሥራ ካጣች ቀኑን ጋደም ብላ ትውላለች። ጋደም ብላ ከዋለች ደግሞ የሚሆነውን ሐኪሙ ነግሮናል።

የመጀመሪያው ቀን

አዲስ አበባ ላይ አንድ አውቶቡስ ቢያመልጥህ የሚቀጥለውን ትጠብቃለህ። እዚህ የሚኬደው በኮንቮይ ነው፤ ያመለጠው ሰው ሳምንቱም ሊያመልጠው ይችላል። ከፊት ወታደር የጫነ መኪና፣ ከኋላም እንዲሁ፣ መሐል ላይ እኛና የይለፍ ወረቀታችን። የያዘን ሳሙናና ጨው የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ እኅቴ ከሐኪም ቤት መውጣቷን ሲሰማ ረዳቱን ጭነቱ ላይ ፍራሽ እንዲያነጥፍላት አዘዘ።

"ሬሳ ነው እንዴ የምትጭነው?" አለችና ጋቢና ገባች።

መንገዱ የተበላሸ ነው። እኔ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በመቀመጫዬ ላይ እየነጠርኩ ተጓዝኩ። እሷ ግን መኪናው ጉድጓድ ሊገባ ሲል እግሯን ተክላ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ትላለች፤ እንደ ፈረሰኛ። ሾፌሩ ጉድጓዱን ከሷ አነሣስ ማወቅ ጀመረ። ከአዘዞ በኋላ ከፍ ባለች ቁጥር ፍሬን ይይዛል።

ለአዳር አይከል ቆምን። አይከል ደጋ ነው፤ ብርዱ የአዲስ አበባን ሐምሌ ያስንቃል። ያደርነው ከሟች ባሏ አጎት ከባሻ ታከለ ቤት ነው። ባሻ ሰባ ያለፋቸው፣ ደረታቸው እንደ በር የሰፋ ሰው ናቸው። እኅቴን ሲያዩ ሁለት ክንዳቸውን ከፍተው በሩጫ መጡ። ያቺ የጎን አጥንት ታየችኝና ከመሐል ገብቼ በክንዴ ገፋኋቸው። ባሻ የተከፈተ ክንዳቸውን በባዶ የሚመልሱ ሰው ስላልሆኑ እኔኑ አቀፉኝ። የኔ አጥንት ደኅና እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዶሮ ተሠራ። እኅቴ ውሃ ልታነሳ ስትል ሦስት እጅ ቀድሟት ያነሳዋል፤ ነጠላዋን ልትለብስ ስትል ሁለት ሰው ያለብሳታል። እራት ከተበላ በኋላ ግድግዳው ጥግ ካለው ዱካ ላይ ልምምዷን ጀመረች። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። ዱካው በአጋጣሚ የተቀመጠው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው። ባሻ ጨዋታቸውን አቋርጠው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቷት፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና መስገድ ጀመሩ። ሚስታቸው ተከተሉ። ጎረቤት ገብቶ ነበር፣ እሱም ተከተለ። ለስለት የምትሰግድ መስሏቸዋል።

እኅቴ ብታቆም የሰው ጸሎት ማቋረጥ ሆነባት። ባሻ ብታቆም ሊያቆሙ ነው የሚጠብቁት፤ በሽተኛ እየሰገደች ጤነኛ አይቀመጥም። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ አንዱን እየጠበቀ ቀጠሉ። ሐኪሙ እስኪደክማት ነው ያለው፤ እስኪደክማቸው አላለም። በመጨረሻ እኔ እውነቱን ተናግሬ ገላገልኳቸው።

ባሻ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የመንግሥት ሐኪም ስግደት ካዘዘማ፣ እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁት ሳትሰሙ መንግሥት ተለውጧል ማለት ነው" አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጠዋት በጋቢ የተጀቦነ ተሳፋሪ ረፋድ ላይ ሸሚዙን ይፈታል፤ ቀትር ላይ አገሩን ይሳደባል። ነጋዴ ባሕርን አልፈን አንድ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ መኪናችን ተቀረቀረ። ሁሉም ውረዱ ተባለ። ወንዙ ደርቋል፤ ድንጋዩ ግን ክብ ክብና ተንከባላይ ነው። ለጤነኛ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይመች ነበር።

ከአጃቢዎቹ አንድ ወጣት ወታደር መጥቶ በአክብሮት፣ "ጓድ እናቴ፣ በጀርባዬ ይታዘሉ" አላት። እሷ መርቃው እምቢ አለች። ወጣቱ ቅር ብሎት እኔን እንደ ጨካኝ አየኝ። ክንዴን ሰጠኋት፤ አልተደገፈችም፣ ያዝ ብቻ አደረገችው። አንዱን እግሯን አጽንታ ሳታቆም ሌላውን አታነሳም። መሐል ላይ አንድ ድንጋይ ከሥሯ ሸሸ። ጉልበቷ እጥፍ አለና ያዘ። 

"ጎንደር በገባሁ ጊዜ ቢሆን ወድቄ ነበር" አለች ከዳር ስንወጣ። እኔ ዳሌዋን ነበር የማስበው። ወታደሩም ከኋላችን ጥላ ሆኖ ተከትሎን ኖሯል፤ ዳር ላይ የውሃ ኮዳውን ሰጣትና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ገንዳ ውሃ ደርሰን ያደርነው ግቢው ውስጥ አልጋ በሚያከራይ ቤት ነው። አልጋው አንገረብ ይባላል፤ በእንጨት ክፈፍ ላይ በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ። በሙቀቱ ምክንያት ሰው ሁሉ ውጭ ያድራል። አዲስ አበባ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም፤ እዚህ ግቢው ሙሉ አንኮራፋልኝ።

ሦስተኛው ቀን

ማለዳ እኅቴ በሁለት የለስላሳ ጠርሙስ አሸዋ ሞልታ ክንዷን ከፍ ዝቅ ታደርግ ነበር። በተቆረጠው በኩል ያለው ክንድ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም፤ ቢሆንም ትሞክረዋለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለሌላ ጉዳይ ወደ ግቢው ገብቶ ይህን አየ። ለይለፍ ወረቀታችን ነው ብዬ ተነሣሁ፤ እሱ ግን የመጣብን በደስታ ነበር። ለካ ከበላይ ሕዝቡን ስፖርት አሠሩ የሚል መመሪያ ደርሶት፣ ማን እንደሚያሠራለት ቸግሮት ሰንብቷል።

የመጣነው ለዚያ እንዳልሆነና እኅቴ ታማሚ እንደሆነች ነገርኩት። በሽታን መታገል የሰፊው ሕዝብ ተግባር ነው ብሎ ወጣ። ሻያችንን ሳንጨርስ የሴቶች ማኅበር አባላት ጠርሙስና የቅባት ጣሳ ይዘው ግቢውን ሞሉት። እኅቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ይስቃል። ከዚያ ከፊታቸው ቆማ አሠራቻቸው። "ጓድ ጥሩወርቅ" ተብላ ተጨበጨበላት። ሊቀ መንበሩ በጋዜጣ እንዳወጣው ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ብቻ እንደምጽፍ ነገርኩት። እነሆ ጻፍኩት።

ከሴቶቹ አንዷ ግን ሳትሄድ ቆየች። እኅቴን ከማድ ቤቱ ኋላ ወሰደቻት። መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው እኅቴ ምክንያቱን የነገረችኝ።

"ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት አስነካችኝ። የኔም እንደዚያ ነበር የጀመረው። በዚሁ ኮንቮይ መልስ ጎንደር ሂጂ አልኳት።"

"ትሄዳለች?"

"ባሌ ምን ይላል አለችኝ። እኔ ቆሜ ሳሠራችሁ አይተሽ የለም? ይህንኑ ንገሪው አልኳት።" 

ኮኪት አካባቢ እስከ ዓይን ዳርቻ ሰሊጥ ነው። ታጭዶ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል። ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ አጫጆች ጥላ ሥር ተኮልኩለው ምሳ ይበላሉ፤ ብሉ ብለው ጠሩን። የአንዱን ንፍሮ፣ የሌላውን ወተት ቀመስኩ። ወተቱ በዚያ ሙቀት ከማን ጋር እንደዋለ አልጠየቅሁም። የጋዜጠኛ ስሕተት ነው፤ ሁልጊዜ መጠየቅ ይገባል።

መተማ ዮሐንስ መግቢያ ላይ ስንደርስ ሆዴ ይጮህ ነበር። መንገዱ ዳር አራት ጎረምሶች አንገረብ ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌው ሐጂ እድሪስ ከፊት፣ የእኅቴ ጎረቤትና የወንፊት ባልደረባ ዘይነብ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው የሠፈሩ ሴት ሁሉ። ሾፌሮች ወሬውን ቀድመው አድርሰዋል። ታማሚ በጎረቤት ትከሻ ላይ እንጂ በእግሩ ወደ ቤቱ አይገባም። ክንድ ከመዘርጋቱ በፊት ዘልዬ ወርጄ ማንም እንዳያቅፋት አወጅሁ። ተከበረልኝ። አንገረቡ ግን ቀረበ።

"እኔ በእግሬ ነው የምሄደው ሐጂ" አለች እኅቴ።

ሐጂ በጣም አዘኑ። "ልጄ፣ መተማ ታማሚዋን በእግር አስኬደች ይባልልን? ደሞስ ለታማሚ የወጣ አንገረብ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ደግ አይደለም።"

ይህ ከባድ ነገር ነበር።  አራቱ ጎረምሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኅቴ ለአፍታ አሰበችና ወደኔ ዞረች። ከልጅነታችን ጀምሮ ያቺን ዓይን አውቃታለሁ።

"ባዶውንማ አይመለስም" አለች። "ወንድሜ ኮኪት ላይ ወተት ጠጥቶ ሆዱን ታሟል። ፊቱን አይታችሁት የለም?"

ሁሉም ፊቴን አየ። ፊቴ በዚያን ሰዓት ለማስተባበል የሚያግዝ አልነበረም። በቀረው ዘመኔ የምጽፈው ሁሉ ይህንን እንደማያስረሳ እያወቅሁ ተጋደምኩ። አራት ጎረምሶች ተሸክመውኝ፣ ጉምሩኩን አልፈን፣ ገበያውን አልፈን፣ የሱዳን ነጋዴዎች "ሰላምታክ" እያሉ በቋንቋቸው ምሕረት እየተመኙልኝ ወደ እኅቴ ቤት ሄድን። እሷ ጫማዬን ይዛ ከጎኔ ትራመዳለች። "ቀስ አድርጉት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ደካማ ነው" ትላለች።

በመተማ የሰነበትንባቸው ቀናት

እኔ በማግሥቱ ተሻለኝ። እሷን ግን ይዘው አልለቀቁም። ማለዳ ዘይነብ ሻይ በወተትና ቴምር ይዛ ትመጣለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ የከርከዴ አበባ ሻይ፣ ሌላዋ የአጥንት መረቅ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲታመም ብርቱካን ይዘህ ትሄድና "እግዜር ይማርህ" ብለህ ትመለሳለህ። እዚህ ልጠይቅ ብሎ የገባ ሰው ካልመሸ አይወጣም። ውሃዋን ይቀዳሉ፣ ቤቷን ይጠርጋሉ፣ እህሉን አጉርሰው ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ ያስይዛሉ። ከወንበር ልትነሣ ስትሞክር በሁለት በኩል ብብቷን ይይዛሉ፤ ስትቀመጥ ትራስ ያስገባሉ፤ ትራሱ ሲበዛ ሳታውቀው ተጋድማ ታገኛለች። ከዘይነብ እጅ ትራስ የነጠቅሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ነጥቄ ምን እንደማደርግበት ስላላሰብኩ ይዤው ጓሮ ወጣሁ።

ዘይነብ ተከትላኝ ወጣች። አልተቆጣችም፤ ተጎድታለች። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ረጅምና ቀጭን ሴት ናት፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም።

"ምስጥ የበላው ቋሚ ማለትህ ነው" አለች ጨርሼ ዝም ስል። "ጠፍሩ ካልላላ ቤቱ ይቆማል። ለካ እኛ ጠፍሩን ስናላላ ነበር።"

"እንደዚያ ነው።"

"እኔ ገብቶኛል። እነዚያን ሁሉ ሴቶች ግን እኔም አላስቆማቸውም። ነገ እኔ ብቀር ሰነፍ ጎረቤት ይሉኛል።"

ገብታ ለእኅቴ ምን እንደነገረቻት አልሰማሁም። ከቀትር በኋላ ሐጂም መጡ፤ ቤቱ ሞልቷል። ዘይነብ በሁሉም ፊት ጮክ ብላ፣ "ጥሩወርቅ፣ ምን አማረሽ? ከገዳሪፍም ቢሆን ይመጣል" ብላ ጠየቀቻት። ታማሚ ያማረውን መከልከል በዚያ አገር ነውር ነው፤ የፈለገው ነገር አገር ተሻግሮም ቢሆን ይፈለግለታል። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ።

"ወንፊት" አለች እኅቴ።

 ዘይነብ ፊቷን አኮሳትራ፣ "አምሮት ነው እንግዲህ" አለች። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ከካርቱም መድኃኒት፣ ከገዳሪፍ ሽቶ ተጠይቀው ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰሙም። ይሁንና ከልክለው ኋላ የሚመጣውን መሸከም አልፈለጉም።

በእግሯ ወደ ግቢው ሄደች፤ አጃቢው እንደ ሠርገኛ ይከተላል። ዘይነብ ወንፊቱ ላይ ጥቂት እፍኝ ሰሊጥ አደረገችላት። እኅቴ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማ መንፋት ጀመረች። ያ የታመመው ክንድ ወዲያው ተንቀጠቀጠ፤ ሰሊጡ ግማሹ ውጭ ፈሰሰ። ሦስት ሴቶች ሊደርሱላት ተንቀሳቀሱ፤ ዘይነብ ከፊታቸው ቆመች። እኅቴ ወንፊቱን አስቀምጣ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ እጇን ሳትደግፍ ተነሣችና እንደገና ያዘችው።

በማግሥቱ ያማራት ግማሽ እንስራ ውሃ ነበር፤ በተመቸ ከፍታ ላይ አስቀምጠውላት ራሷ ቀዳች። በሳልስቱ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያለውን ዛፍ ከቅርብ ማየት አማራትና እስከ ድንበሩ ተራመደች። ሐጂ በሕይወታቸው ይህን ያህል የሚያምራት ታማሚ አላጋጠመቻቸውም። እኅቴ ጎንደር ሳለች አለቅነቱን ለዘይነብ እንደሰጡ ተናግረው ነበርና፣ የመጀመሪያው የሰሊጥ መኪና ሲገባ ምን ይሻላል ብለው ዘይነብን ጠየቋት።

"እኔ አለቃ መሆን አላማረኝም ሐጂ" አለች ዘይነብ። "ጆንያ ማንሳቱን እኔ እይዛለሁ። እሷ ትቁምና ታዝዝ፤ ትንፋ።"

የመመለሻው ቀን

ኮንቮዩ የሚነሣው ማለዳ ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። ከባዱን ዕቃ በዋዜማው በጆንያ አድርጌ ለሾፌሩ ሰጥቼው ስለነበር ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝና የምላጭ ዕቃ ብቻ ቀርቷል። ላነሳው ስል እኅቴ ቀደመችኝ። በዚያ በደካማው እጇ ነው ያነሳችው።

"ነገ አማረኝ ብዬ ሻንጣውን የምይዝለት ወንድም የለም" አለች። "ዛሬን ልያዘው።"

እስከ መናኸሪያው ድረስ በዋናው መንገድ ሄድን። ገበያው እየተከፈተ ነበር። ከሐኪም ቤት የወጣች ሴት ሻንጣ ተሸክማ ትራመዳለች፤ ከጎኗ ያ ባለፈው በአንገረብ የገባው የአዲስ አበባ ሰውዬ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ሻይ የሚጠጡት ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከተሸከሙኝ ጎረምሶች አንዱ አይቶ ሊቀበላት ተነሣ፤ ዘይነብ ከሩቅ በዓይኗ አስቀመጠችው። ከአንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ "ወንድም ተብሎ! ዓይኑን በጨው ያጠበ" አለች።

"ሰማኻት?" አለች እኅቴ፣ ሻንጣውን ወደ ሌላው እጇ ሳታዛውር።

"ሰምቻለሁ።"

"በል ቀስ በል እንጂ፤ መንገዱ ገና አላለቀም።"

እርምጃዬን ቀነስኩ። እጄንም ከኪሴ አላወጣሁም።